ደንበኛዎን አነጋግረው ማስታወቂያ ሲያወጡ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ያሉ የሐበሻ ሱቆች የሚያሳትሟቸውን በራሪ ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ስልክ ቁጥሩን ቢሸፍኑት፣ የትኛው የማን እንደ ሆነ መለየት ይቸግርዎታል። ሁሉም «ምርጥ እንጀራ»፣ «ፈጣን መስተንግዶ»፣ «ተመጣጣኝ ዋጋ» ይላሉ። ባለቤቱ ስለ ራሱ ሱቅ ሲጽፍ ከዚህ የተለየ ነገር አይመጣለትም። ደንበኛው ግን ለምን እንደሚመላለስ ያውቃል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ከመጻፍዎ በፊት ሁለት ሦስት ደንበኞችን በቃለ ምልልስ ያነጋግሩና ያሉትን በራሳቸው አነጋገር ያውጡት።

ጥያቄው ላይ ይጠንቀቁ። «አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ካሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። የእኛ ሰው ፊት ለፊት መንቀፍ አይወድም፤ መዘርዘርም አይወድም። ይልቅ የሆነውን ነገር ይጠይቁ፦ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ምን ፈልገው ነበር? ከዚያ በፊት የት ይገዙ ነበር? ለምን ተዉት? ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። እንበል፣ አንዲት እናት «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንጀራው ትኩሱን እንደሚገባ ስለማውቅ ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ» ቢሉዎት፣ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአሥር «ምርጥ» ትበልጣለች፤ ያነበበው ሁሉ መቼ መምጣት እንዳለበት ያውቃል።

ባለ ታክሲም እንዲሁ ነው። ዘወትር ወደ ደለስ አየር ማረፊያ የሚያደርሷቸውን ሰው «ሌላ መኪና መጥራት ሲችሉ ለምን ለእኔ ይደውላሉ?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱ ዋጋ ላይሆን ይችላል። ሰፈራቸውንና ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ግን፣ ቢነግሩዎትም እንኳ፣ አያውጡ። ሌባም ማስታወቂያ ያነባል።

ንግግር ማሳጠር ነውር የለበትም፤ ያልተባለ ነገር መጨመር ግን አይቻልም። አሳጥረው ሲጨርሱ ለተናገሩት ሰው መልሰው ያንብቡላቸው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ድምፅ በስልክዎ መቅረጽ ከፈለጉ ነገሩ እንደ ቦታው ይለያያል። በዲሲና በቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ያ አንዱ እርስዎ ራስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። በሜሪላንድ ግን የግል ንግግር ለመቅረጽ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሆን ብሎ የጣሰ እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ፣ አለዚያም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። ሱቅዎ አሌክሳንድሪያ ሆኖ ደንበኛዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ በስልክ የሚያነጋግሩዎት ከሆነ ጠበቅ ያለውን ሕግ ይከተሉ። የሚሻለው የትም ቢሆኑ አስቀድሞ «ልቅረጽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ቀረጻው ከተጀመረ በኋላም ጥያቄውንና እሺታውን እዚያው ማስደገም ነው።

ቨርጂኒያ ሌላም ሕግ አላት። የሰውን ስም ወይም ፎቶግራፍ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለማስታወቂያ ያዋለ ሊከሰስና ካሣ ሊከፍል ይችላል። የቃል እሺታ አይበቃም። በተለይ ትልልቅ ሰዎቻችን በይሉኝታ «ምን ቸገረኝ ልጄ» ይላሉ፤ በኋላ ፎቶግራፋቸውን መስታወት ላይ ሲያዩት ይከፋቸዋል። እኔ በይሉኝታ የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም። ወረቀቱን ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር ያንብቡት። የሚከተለው ዓይነት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ መነሻ ይሆንዎታል፦ «እኔ … ስሜ፣ ፎቶግራፌና ከዚህ በታች የተጻፈው ቃሌ ለ… ሱቅ ማስታወቂያ ከ… እስከ … እንዲውል ፈቅጃለሁ።» ቀንና ፊርማ ይኑርበት።

በፈጠራ ደንበኛ ስም ማጻፍ ያማራችሁ ካላችሁ ተዉት። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን ደንብ የሐሰት ምስክርነትን በግልጽ ይከለክላል፤ እያወቀ የጣሰ ለእያንዳንዱ ጥሰት ከ50,000 ዶላር በላይ ሊቀጣ ይችላል። የሚመሰክሩልዎት የባለቤትዎ ወንድም ወይም ተቀጣሪዎ ከሆኑ ዝምድናውን እዚያው ይግለጹ። በነፃ ዕቃ ወይም በነፃ ጉዞ የተገኘ ቃልም እንደዚያው ነው።

የቀረው የሒሳብ መዝገቡ ነው። የኅትመት ወጪ ስኬጁል ሲ ላይ በማስታወቂያ ይመዘገባል። ለደንበኛ ምስጋና ብለው የሚሰጡት ስጦታ ከገቢዎ የሚቀነስልዎ ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 25 ዶላር ብቻ ነው። ይህች 25 ዶላር ከ1962 ወዲህ ከፍ አላለችም! «ከተናገሩልኝ ይህን እሰጥዎታለሁ» ብለው ቃል የገቡበት ግን ክፍያ እንጂ ስጦታ አይደለም። ጽሑፉን ለሚያዘጋጅልዎ ወይም ፎቶ ለሚያነሣልዎ ግለሰብ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቼክ የሚከፍሉት በዓመት 2,000 ዶላር ከደረሰ ፎርም 1099 ማውጣት ይኖርብዎታል። ይህ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈል ነው፤ እስከ 2025 የተከፈለው 600 ዶላር ከደረሰ ነበር። ደረሰኙን ግብሩን ካስገቡ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት ያቆዩት። የፈቃዱን ወረቀት ግን ከዚያም በላይ ያስቀምጡት፤ የተለጠፈ ፎቶግራፍ መቼ እንደሚነቀል ባለቤቱም ይረሳዋል።