በአጥራችን ዙሪያ ያለው ጎረቤት

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ጥናት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ኤርምያስ 29፥4-7፤ ሉቃስ 10፥25-37፤ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7

በዚህ ጥናት አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም፦ በጋምቤላ ከተማ መሃል ያለች ቤተ ክርስቲያን በአጥሯ ዙሪያ ለሚኖረው ሰው ምኑ ናት? እሑድ የሚመጡት ምእመናን ምን እንደሚሏት እናውቃለን። በሩ አጠገብ ሻይ የምታፈላው እናት፣ ባጃጁን ከማንጎው ጥላ ሥር የሚያቆመው ወጣት፣ ጄሪካን ይዛ የምታልፈው ልጅ ግን ምን ይሏት ይሆን?

1. የቆምንበትን ስፍራ እንወቅ

ጋምቤላ ከጥንት ጀምሮ ልዩ ልዩ ሕዝብ የሚገናኝባት ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ይጫንባት ነበር። ዛሬም አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖው፣ ኮሞውና ከደጋ የመጣው ወገን በአንድ ክልል ይኖራሉ።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ መሠረት ከክልሉ 307,096 ነዋሪዎች መካከል 70 ከመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ናቸው። እንግዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ እርስ በርስ የሚፈራሩት ሰዎች ወንጌል ያልሰሙ አይደሉም። ብዙዎቹ አንዱን መጽሐፍ በየቋንቋቸው የሚያነቡ ናቸው።

ይህን የምንለው በሐዘን ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በከተማው አቅራቢያ ስምንት ሰዎች አድፍጠው በጠበቋቸው ታጣቂዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ወታደሮችና ከደጋ የመጡ ነዋሪዎች በአኙዋኮች ላይ በተነሡበት ጥቃት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሞቱ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። በጥር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በአኙዋክና በኑዌር መካከል በተነሣ ግጭት ደም ፈሰሰ። እንዲህ ባለው ቀን የሚሸሽ ሰው የማንን በር ያንኳኳል? የእኛን በር ለማንኳኳት የሚደፍረው ቋንቋችንን የሚናገር ብቻ ከሆነ፣ አጥራችን ከቆርቆሮ ሳይሆን ከፍርሃት የተሠራ ነው።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማምለክ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ አንቃወመውም። አሮጊቷ እናት ጸሎቷን በተወለደችበት ቋንቋ ልታሰማ ይገባታል። ነገር ግን የምናመልክበት ቋንቋ የምንወደውን ሰው የሚወስን እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

2. ቃሉ ምን ያስተምረናል?

ኤርምያስ ለምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ስለ ገዛ ወገናቸው ብቻ እንዲጸልዩ አላዘዘም። ማርካ የወሰደቻቸውን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ ነገራቸው፤ የእነርሱ ሰላም ከእርስዋ ሰላም ጋር የተያያዘ ነበርና።

ሕግ አዋቂው ጌታን ባልንጀራው ማን እንደሆነ ጠየቀው። ጌታም በምሳሌው ጥያቄውን ገለበጠበት፤ ለተጎዳው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን እንደሆነ መልሶ ጠየቀው። በምሳሌው ውስጥ ርኅራኄ ያደረገው ሰው ከማይወደደው ወገን ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችንን የምንረዳው ብቻ አናድርገው፤ እርሱም እኛን ሊረዳን ይችላል።

የሐዋርያት ሥራ 6 ደግሞ ለእኛ ሥራ እጅግ የቀረበ ነው። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ተዘለሉ። ጉድለቱ በስብከቱ አልነበረም፤ በእደላው ነበር። ሐዋርያትም አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው። በዚህም እደላው ቅሬታ ካነሣው ወገን ለወጡ ሰዎች በአደራ የተሰጠ ይመስላል። ቃሉም ከዚያ በኋላ እየሰፋ ሄደ።

3. እንጀራና ወንጌል

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን ማወጅና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ሊነጣጠሉ እንደማይገባ አስረድታለች። እኛም ይህን እናምናለን። ነገር ግን አለመነጣጠል ማለት እንጀራውን መሳቢያ ማድረግ አይደለም። የቀይ መስቀል እንቅስቃሴና የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ እንዲሰጥ፣ የሃይማኖት አቋም ማራመጃም እንዳይሆን ይላል።

እኛ ራሳችን በዚህ ተሳስተናል። በአንድ ወቅት የተረጂዎችን ዝርዝር ከምእመናን መዝገብ ጀመርን፤ የምናውቃቸው እነርሱ ነበሩና። እህሉ ሲታደል የሰፈሩ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩን ነበር። ማንም አልሰደበንም፤ ዝም ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያስተምረናል።

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በኢታንግ አለ። በዚያ የተዘረጋው የውኃ መስመር የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ለሚኖሩባቸው ሰፈሮችም ለአካባቢው ነዋሪም ይደርሳል። በአንድ መስመር የሚጠጡ ሰዎች መስመሩን በጋራ የሚጠብቁበት ምክንያት አላቸው።

4. ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሽማግሌዎች በአጥሩ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ይጎብኙ፤ ለመስበክ ከመቸኮላቸው በፊት ይጠይቁ፣ ያድምጡ። የድምፅ ማጉያችን ሌሊት ሕፃን የሚቀሰቅስ ከሆነ ይህንም ይስሙ። ሁለተኛ፣ በእደላ ኮሚቴ ውስጥ የእኛ አባል ያልሆነ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር የሰፈር ሰው ይግባ። ሦስተኛ፣ በጎረቤት ሐዘን ድንኳን ውስጥ እንገኝ፤ ሟቹ የማንም ወገን ቢሆን። አራተኛ፣ በሌላ ቋንቋ ከሚያመልክ ጉባኤ ጋር በሰላሙ ቀን እንነጋገር፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ለማን በሩን እንደሚከፍት አስቀድመን እንስማማ። በጥይት ድምፅ መካከል መተማመን አይጀመርምና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ከአጥራችን በመቶ እርምጃ ውስጥ የሚኖሩትን ስንቶቹን በስም እናውቃለን?

ለ. በእደላችን የተዘለለው ማን ነው? ቅሬታውን ለማን ሊናገር ይችላል?

ሐ. በ1996 እና በ2008 ዓ.ም. የሆነውን ስናስታውስ፣ ከሌላው ወገን ይቅርታ የምንጠይቅበት ነገር አለን?

በመጨረሻም ቡድኑ ለሦስት ጎረቤቶች ስማቸውን እየጠራ ይጸልይ። ስማቸውን የማናውቅ ከሆነ ጸሎቱን ከመጀመራችን በፊት ሄደን እንጠይቃቸው።