ተከሳሹን በትክክለኛ ስሙ መጥራት፤ በአነስተኛ የገንዘብ ክስ ላይ ነጋዴውን የመለየት አሠራር

በፍትሐ ብሔር ክስ «ተከሳሽ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚሰፍረው ስም የክሱን ዕድል ይወስናል። መጥሪያው የሚወጣው፣ ፍርዱ የሚሰጠው በዚያ ስም ላይ ነው፤ በአፈጻጸም ጊዜም የባንክ ሒሳብ የሚታገደው ወይም ንብረት የሚያዘው በዚያው ስም ተፈልጎ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 ላይ፣ ከሳሹ ከተከሳሹ የሚጠይቀው ነገር ከሌለው ክስ ሊቀርብ እንደማይችል ይደነግጋል። የሱቅ ሰሌዳ ግን ዕዳ የለበትም፤ ዕዳ ያለበት ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ሰው ወይም ማኅበር ነው።

በሰሜን ሸዋ የጥቂት ሺህ ብር ክርክር የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ በወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ የአንኮበር ወረዳ ባለጉዳይ ጎረቤላ ይሄዳል፣ የደብረ ብርሃን ነዋሪ እዚያው በከተማው ይከሳል። ለእንዲህ ያለ ገንዘብ ጠበቃ ማቆም ስለማያዋጣ ማመልከቻውን ባለጉዳዩ ራሱ ወይም ራፖር ጸሐፊ ያዘጋጀዋል። ስለዚህ ተከሳሹን የመለየቱ ሥራ ወደ ጸሐፊው ከመሄድ በፊት ማለቅ አለበት።

1. ሰነዶቹን መሰብሰብ

በመጀመሪያ የሚታየው ደረሰኙ ነው። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣ ደረሰኝ ከላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ የነጋዴውን ስምና አድራሻ ይይዛል። ቲን 10 አሐዝ አለው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ማቀዝቀዣ የገዛ ሰው ሰሌዳው ላይ ያነበበው የሚያምር የንግድ ስም ሲሆን፣ ደረሰኙ ላይ የሚያገኘው ግን የአንድ ግለሰብ ስም እስከ አያት ሊሆን ይችላል። ለክሱ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

ደረሰኝ ካልተሰጠ የጽሑፍ ውል፣ የዋስትና ወረቀት፣ የቀብድ መቀበያና የስልክ መልእክት ይሰበሰባሉ። በባንክ ወይም በቴሌብር የተላለፈ ገንዘብ የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ሒሳቡ የሻጩ ሠራተኛ ወይም ዘመድ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ሻጩ ማን እንደሆነ አይወስንም። የንግድ ፈቃድም ሱቁ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ መሰቀል ስላለበት፣ ስሙን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና የታደሰበትን ዓመት ከዚያ መገልበጥ ይቻላል።

2. የነጋዴውን ዓይነት መለየት

ስሙ ከታወቀ በኋላ ስሙ የሰው ነው ወይስ የማኅበር የሚለው ይለያል። የክሱ አጻጻፍም ሆነ ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በዚህ ይወሰናል።

• ግለሰብ ነጋዴ፦ የሚከሰሰው ሰውየው ወይም ሴትየዋ ናቸው። የንግድ ስሙ ለመለያ ያህል ከጎን ይጻፋል እንጂ ተከሳሽ አይሆንም። ባለቤቱ ለንግዱ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል።

• ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና አክሲዮን ማኅበር፦ ማኅበሩ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ የሚከሰሰውም እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማኅበሩን ወክሎ ይቀርባል እንጂ ዕዳው የእሱ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ስለሚፈቅድ፣ ባለሀብቱ አንድ ሰው መሆኑ ብቻ ሰውየውን ተከሳሽ አያደርገውም።

• የኅብረት ሽርክና ማኅበር፦ ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች «እገሌና ጓደኞቻቸው» በሚል ስም የሚያቋቁሙት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ማኅበሩ ይከሰሳል፤ አባላቱም ለዕዳው በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው።

• የእሽሙር ማኅበር፦ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በአንዳቸው ስም ሲነግዱ፣ ሦስተኛ ወገን የሚከሰው ከእሱ ጋር የተዋዋለውን ሰው ነው።

• የኅብረት ሥራ ማኅበር፦ መሠረታዊ ማኅበሩም ዩኒየኑም ለየራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት አላቸው፤ አንዱ በሌላው ስም አይከሰስም።

• ቅርንጫፍና ፋብሪካ፦ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ከዋናው የተለየ ሰው አይደለም። ዳሸን ቢራ በጎንደርም በደብረ ብርሃንም ፋብሪካ አለው፤ ሁለት ፋብሪካ መኖሩ ግን ሁለት ተከሳሽ አይፈጥርም። እንዲህ ባለ ጊዜ ተከሳሹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው፤ ቅርንጫፉ በአድራሻው ላይ ይጠቀሳል።

3. ከመዝገብ ማረጋገጥ

ከደረሰኝ ወይም ከፈቃድ የተገኘው ስም ፈቃዱን የሰጠው የንግድ ጽሕፈት ቤት ካለው መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ቲን በእጅ ካለ በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ አገልግሎት የፈቃዱን ሁኔታ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የሚፈለጉት ነገሮች የባለፈቃዱ ሙሉ ስም፣ የንግድ ስሙ፣ አድራሻውና ፈቃዱ ውሉ በተደረገበት ቀን የማን እንደነበረ ናቸው። የመጨረሻው ችላ መባል የለበትም፤ ሱቁ ከግዢው በኋላ ወደ ሌላ ሰው ተላልፎ ከሆነ ሰሌዳው ሳይለወጥ ባለቤቱ ብቻ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።

መሥሪያ ቤቱ ማስረጃውን ለግለሰብ ካልሰጠ፣ ሰነዱ በየትኛው ቢሮ እንደሚገኝ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ተገልጾ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 ለዚህ ሥልጣን ይሰጠዋል።

4. ብዙ እጅ ያለፈ ጉዳይ ሲሆን

አንድ የአንኮበር ገበሬ የቢራ ገብስ ለመሠረታዊ ማኅበሩ ያስረክባል፤ ማኅበሩ ለዩኒየን፣ ዩኒየኑ ለብቅል ፋብሪካ ያቀርባል። ገንዘቡ ሲዘገይ ማኅበሩ «ዩኒየኑ አልከፈለኝም»፣ ዩኒየኑ ደግሞ «ፋብሪካው ነው ያቆየው» ይላል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ገብሱን መዝኖ የተረከበው፣ ደረሰኙን የቆረጠውና ዋጋውን ለመክፈል የተስማማው ማን ነው የሚለው ነው። ደረሰኙ የመሠረታዊ ማኅበሩ ከሆነ ተከሳሹ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ጉዳዩ ዩኒየኑን ይመለከታል ካለ በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 43 መሠረት በሦስተኛ ወገንነት ወደ ክርክሩ እንዲገባለት መጠየቅ የራሱ ፋንታ ነው።

ሰነዶቹ ተጠያቂው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በእውነት ካልለዩ ሁለቱንም በአንድ ክስ ማቅረብ ይቻላል፤ አንቀጽ 36 ተከሳሾችን ማጣመርን ይፈቅዳል። ያለ ምክንያት ስም ማብዛት ግን አይመከርም፤ በነፃ የሚሰናበተው ተከሳሽ ወጪና ኪሣራ ሊጠይቅ ይችላል።

5. ፍርድ ቤቱን መምረጥ

ተከሳሹ ሲታወቅ ክሱ የሚቀርብበት ቦታም ይታወቃል። መነሻው ተከሳሹ የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ቦታ ነው፤ በውል ጉዳይ ውሉ የተደረገበት ወይም ሊፈጸም የነበረበት ቦታም ይመረጣል። ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ሆኖ ከተገኘ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ፤ በሰሜን ሸዋ ይህ ደብረ ብርሃን የሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሹ አዲስ አበባ የተመዘገበ ኩባንያ ሲሆን ክሱን ከመክፈት በፊት ይህን ሬጅስትራሩን መጠየቅ ይገባል።

6. ስሙን በማመልከቻው ላይ ማስፈር

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ እንዲሁም ተከሳሹ ለምን ተጠያቂ እንደሚሆን በክሱ ላይ እንዲገለጽ ያዛል። ለግለሰብ ነጋዴ አጻጻፉ እንዲህ ይሆናል፦

ተከሳሽ፦ አቶ እገሌ (ሙሉ ስም እስከ አያት)፣ በ«…» የንግድ ስም የሚነግዱ፣ ቲን …፤ አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ክፍለ ከተማ/ቀበሌ …፣ ስልክ …

ለማኅበር ደግሞ፦

ተከሳሽ፦ «…» ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ቲን …፤ አድራሻ፦ ዋና መሥሪያ ቤት …፣ ደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ …

የማኅበሩ ዓይነት ከስሙ አይነጠልም፤ «ኃ/የተ/የግ/ማ» የሚለው ከተዘለለ ስሙ የሌላ ነጋዴ ሊመስል ይችላል። በክሱ አካል ውስጥም ደረሰኙን የሰጠው፣ ዕቃውን ያስረከበው ወይም ገንዘቡን የተቀበለው ይኸው ተከሳሽ መሆኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገለጻል።

7. ስሕተት ሲገኝ

ተከሳሹ «እኔ ልከሰስ አይገባም» የሚል መቃወሚያ ካቀረበ ከሳሹ መልሱን አንብቦ በፍጥነት ይወስናል። የፊደል ግድፈት ወይም የጎደለ ቃል ከሆነ በአንቀጽ 91 ክሱን ለማሻሻል ማመልከት ይበቃል። ሰውየው ጨርሶ የማይመለከተው ከሆነ ትክክለኛው ተከሳሽ እንዲተካ ወይም እንዲጨመር ይጠየቃል። መዝገቡ ከተዘጋም አዲስ ክስ ሊከፈት ይችላል፤ የዳኝነት ክፍያና ጊዜ ግን እንደገና ይጠይቃል።

የጊዜው ጉዳይ ከገንዘቡ ይልቅ ይከብዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ መደበኛው የይርጋ ዘመን 10 ዓመት (አንቀጽ 1845)፣ ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት (አንቀጽ 2143) ሲሆን፣ ጉድለት ላለበት ዕቃ ሻጭን ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ከዚህም ያጥራል። የማይመለከተውን ሰው በመክሰስ የባከነው ወር በእውነተኛው ባለዕዳ ላይ ያለውን ይርጋ ላያቋርጠው ስለሚችል፣ ስሙን የማረም ማመልከቻ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይተላለፍ መቅረብ አለበት።