ባል በስዊድን፣ ሚስት በኢትዮጵያ ፓስፖርት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የስዊድን ዜጋ ነው። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ ስቶክሆልም በመኖሪያ ፈቃድ እኖራለሁ። አብረን ፓሪስ፣ ከዚያ ደብሊን ልንሄድ አስበናል። ቪዛ ያስፈልገኛል?
ሰ.፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ ለፓሪስ አያስፈልግዎትም። ስዊድንም ፈረንሳይም ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ፣ ፈቃድዎ ካልተቃጠለ ፓስፖርትዎንና ካርዱን ይዘው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ።

ደብሊን ግን ሌላ ነው። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሸንገን ውስጥ የለችም፤ ቪዛ ከሌለዎት አየር መንገዱ ገና ሻንጣ ሲመዘን ሊመልስዎት ይችላል። ባል ሲያልፍ ሚስት ስትቀር ማየት ያሳዝናል። ደግነቱ፣ በ2004 የወጣው የኅብረቱ የነፃ ዝውውር መመሪያ ከባለቤትዎ ጋር ስለሚጓዙ ቪዛው ያለ ክፍያና በተፋጠነ መንገድ እንዲሰጥዎት ያዛል። ማመልከቻው ላይ የኅብረቱ ዜጋ ሚስት መሆንዎን ይግለጹ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የባለቤትዎን ፓስፖርት ኮፒ ያያይዙ።

ፈቃድዎ እድሳት ላይ ከሆነ ግን ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።