በረዶ በወረደ ጊዜ
በመርካቶ ስለ መጠለልና ስለ መደሰት የቀረበ ትምህርት



በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ገበያ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ድንገት ብርቱ በረዶ የሚወርድበት ቀን አለ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አስፋልቱ ይነጣል፤ የቆርቆሮው ጩኸት የገዢንና የሻጭን ቃል ይውጣል። ልጆች ሳህንና ጣሳ ይዘው እየሳቁ ይወጣሉ፤ ሸቀጧን መሬት ላይ የዘረጋችው የጉልት ነጋዴ ግን ያለ የሌለ ኃይሏን አሰባስባ ሸራ ትጎትታለች። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ሲደሰት ሌላው ያዝናል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። በረዶ ምንድር ነው? በመጣ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባናል? ባልንጀራችንን በሚጎዳ ነገር መደሰትስ ይፈቀዳልን?

ሀ. በረዶ ምንድር ነው?

በአማርኛችን “በረዶ” የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንዱ ከነጎድጓድ ደመና እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው፤ ሁለተኛው በብርዳማ አገር እንደ ላባ ቀልሎ የሚወርደው ነው። ግዕዙ ግን የፊተኛውን በረድ፣ የኋለኛውን ሐመዳ ብሎ ይለያቸዋል።

በመርካቶ የምናየው የፊተኛው ነው። ምድር በፀሐይ ስትሞቅ እርጥብ አየር በኃይል ወደ ላይ ይወጣና ረጅም ጥቁር ደመና ይሠራል። የውኃው ጠብታ በዚያ ነፋስ ተገፍቶ እጅግ ወደሚቀዘቅዘው ከፍታ ሲደርስ ይረጋል፤ በደመናው ውስጥ ያለው ሌላ ውኃ እየተለጠፈበት ያድጋል፤ ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወድቃል። ትልቁን ፍሬ ለሁለት ከፍሎ የተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ሆኖ ያገኘዋል። በቆላ የሚወርደው በረዶ በመንገድ ሳለ በሙቀቱ ይቀልጣል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በረዶው ሳይቀልጥ ይደርሳታል። ሐመዳ ግን ከደመናው እስከ ምድር ያለው አየር ሁሉ እንዲቀዘቅዝ ስለሚፈልግ በከተማችን አይታይም።

ይሁንና ሐመዳ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ የቆመውን የጥንት ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ አስተላልፎልናል። ጽሑፉ የሰሜን ተራሮችን ሲያነሣ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለባቸው ይናገራል። ዛሬም 4,550 ሜትር ከፍታ ያለው ራስ ደጀን አልፎ አልፎ ነጭ ለብሶ ይታያል።

ለ. በረዶ ቅጣት ነውን?

ብዙ ጊዜ በረዶ ሲበረታ “ይህ የኃጢአታችን ዋጋ ነው” የሚል ቃል ይሰማል። አንዳንዱም ንብረቱ የጠፋበትን ሰው በክፉ ዓይን ይመለከታል። ለዚህም በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 9 የተጻፈውን የግብፅን በረዶ ይጠቅሳሉ። በእውነቱ በዚያ ታሪክ በረዶው የፍርድ ምልክት ነው። ነገር ግን ታሪኩን በጥንቃቄ እናንብብ። በረዶው ከመውረዱ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተነግሯል፤ በሜዳ ያለ ሰውና ከብት ሁሉ ወደ ቤት እንዲገባ ታዟል። ከፈርዖን ሹማምንት መካከል እንኳ ቃሉን ሰምተው አገልጋዮቻቸውን ያስገቡ ነበሩ፤ የገቡትም ዳኑ። እንግዲህ በረዶ ቅጣት ሆኖ በተነገረበት ታሪክ ውስጥ ሳይቀር፣ ከበረዶው የቀደመው ቃል “ሰውን አስጠልሉ” የሚል ነው።

ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ስለ ገደላቸው ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ በግልጥ አስተምሯል (ሉቃ. 13)። በእህል በረንዳ የቆመ ጆንያ ቢርስ፣ በሸራ ተራ የተወጠረ ሸራ ቢቀደድ፣ ባለቤቱን የሚመረምር ዳኛ እንድንሆን አልተሾምንም። የተሰጠን ሥራ ጆንያውን አብሮ ማንሣት ነው።

ሐ. ራስንና ባልንጀራን ስለ መጠበቅ

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ልባሟን ሴት ሲያመሰግን፣ ቤተ ሰዎቿ የሚሞቅ ልብስ ስላላቸው በረዶን እንደማትፈራ ይናገራል። ፍርሃቷን ያራቀው አስቀድማ መዘጋጀቷ ነው። እኛም የሚከተሉትን እናስብ።

1ኛ. ሸራ በአግድም ተወጥሮ ከሆነ በረዶ ይከማችበታል። አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለትም ግማሽ ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ ሸራ አዘቅዝቆ መወጠር እንጂ ሜዳ አድርጎ መወጠር፣ በረዶ በተሸከመ ሸራ ሥርም መቆም አይገባም።

2ኛ. በረዶ ከመብረቅ ጋር ይመጣል። ነጎድጓድ በሚሰማበት ጊዜ ከብረት ምሰሶና ከክምር ብረት ርቆ ወደ ሕንፃ መግባት ይሻላል።

3ኛ. በረዶ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቆሻሻ ገፍቶም የቱቦውን አፍ ይዘጋል። ከእንጦጦ ወገብ ወደ አቃቂ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱ ሲዘጋበት ወደ ሱቅ ይገባል። ውኃው ክዳኑ የተነሣውን ጉድጓድ ስለሚሸፍን፣ ሕፃናትና ሸክም ያዘሉ ሰዎች በጎርፍ ውስጥ እንዳይራመዱ እንከልክል።

4ኛ. የራሰ በርበሬና እህል ይሻግታል። ከሻጋታው የሚወጣው መርዝ ምግቡ ቢበስልም በቀላሉ አይጠፋም። የራሰውን ከደረቁ ቀላቅሎ መሸጥ ኪሳራን ወደ ሌላው ሰው ማዕድ ማስተላለፍ ስለሆነ፣ በሰባተኛው ትእዛዝ ላይ ብቻ ሳይሆን በአምስተኛውም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በዝናቡ ሰዓት የጃንጥላንና የላስቲክን ዋጋ ድንገት የሚያንርም ሰው በባልንጀራው ጭንቀት ይነግዳል።

በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችንም የምንማረው አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 እጅግ ብዙ በረዶ ወርዶ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለቀናት ተዘግተው ነበር። የከተማይቱ ሕግ በረዶው ካቆመ በኋላ፣ ባለ ንብረቱ በስምንት የቀን ብርሃን ሰዓቶች ውስጥ በደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ ያዛል። መንገዱ የሁሉ ነው፤ መጥረጉ ግን ደጁ የሆነበት ሰው ድርሻ ነው። በመርካቶም እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ክረምት ሳይገባ በደጁ ያለውን ቱቦ ቢጠርግ፣ ከታች ያለው ጎረቤቱ ከጎርፍ ይተርፋል።

መ. መደሰት ይገባልን?

አዎን፣ ይገባል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 43 የእግዚአብሔርን ሥራ ሲዘረዝር፣ ዓይን በበረዶው ንጣት እንደሚደነቅ ይናገራል። መዝሙረኛው ሐመዳን በበግ ጠጉር ይመስለዋል፤ ባዘቶ አይቶ የሚያውቅ የሸማ ተራ ሰው ይህ ምሳሌ አይሰወርበትም። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ደግሞ ሠለስቱ ደቂቅ በረዶና ውርጭ ፈጣሪን እንዲያመሰግኑ ይጠራሉ። ይህን የሚሉት በእሳት እቶን ውስጥ ቆመው ነው። እንግዲህ ፍጥረትን ማድነቅ መከራ ለሌለበት ሰው ብቻ የተተወ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በበረዶ ስም የሚታሰብ በዓል አላት። በጥንት ትውፊት እንደሚነገረው፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊቤርዮስ ዘመን (352–366)፣ በሮም የበጋ ሐሩር፣ በነሐሴ 5 ዋዜማ ሌሊት በኤስኩሊኖ ኮረብታ ላይ በረዶ ወርዶ ለእመቤታችን የሚሠራውን ቤተ ክርስቲያን ቦታ አመለከተ። ትውፊቱ የተጻፈው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ እንደ ታሪክ ማስረጃ አንወስደውም። ዛሬ የምናውቃት ታላቋ የቅድስት ማርያም ባዚሊካ የታነጸችው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ 3ኛ ዘመን (432–440) ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስም የተቀበሩት በእርሷ ውስጥ ነው። በየዓመቱ በዚህ በዓል ከጣሪያዋ ነጭ የአበባ ቅጠል ይበተናል። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 29 ነው፤ መርካቶ በረዶ በምትጠብቅበት ወራት መሆኑ ነው።

ነገር ግን ለደስታ ሥርዓት አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከሚደሰቱት ጋር መደሰትን፣ ከሚያለቅሱትም ጋር ማልቀስን በአንድነት ያዛል (ሮሜ 12)። በመርካቶ እነዚህ ሁለቱ በአንድ በረንዳ ሥር ይገናኛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ይጠለል፤ የዘረጋውም ሸቀጥ ይነሣ። ባለ ሱቁ “ደጄን አትዝጉ” ማለቱን ትቶ ሱቅ በደረቴውን፣ ተሸካሚውንና መንገደኛውን ወደ ውስጥ ያስገባ። ከዚያ በኋላ ልጆች በረዶውን ቢያፍሱ፣ ቢወራወሩ፣ በመዳፋቸውም ሲቀልጥ ቢያዩ አንገሥጻቸው፤ አስፋልት ላይ የወደቀውን እንዳይበሉት ብቻ እንንገራቸው። ይልቁንም አንዱን ፍሬ ከፍለን ውስጡን እናሳያቸው።

በአንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መካከል የሚመላለሰው ሕዝብ በረዶ ሲወርድ ሃይማኖቱን ሳይጠያየቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይቆማል። ዋጋ መከራከር ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ተሸካሚው ሸክሙን ያወርዳል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ያወራሉ። ይህች አጭር ዕረፍት ራሷ ስጦታ ናት። በረዶው ሲቀልጥም እንዳትቀልጥ የሚያደርጋት፣ ያን ሰዓት ሸቀጡ የራሰበትን ሰው ስሙን ጠይቆ በማግሥቱ መጐብኘት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዘጸአት 9 ከበረዶው በፊት የተሰጠው ትእዛዝ ምን ነበር? ዛሬ በሰፈራችን እንዴት ይፈጸማል?
2. በቁምስናችን አቅራቢያ በክረምት የሚዘጋ ቱቦ የት ነው? ሊጠርገው የሚችለውስ ማን ነው?
3. ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ ሳሉ በረዶን ለምስጋና መጥራታቸው በችግር ላለ ሰው ምን ያስተምራል?
4. በራሰ ሸቀጥ የከሰረ ጎረቤት ቢኖረን፣ ሳናሳፍረው እንዴት ልንረዳው እንችላለን?