የተገዛ ጌምና የተፈቀደ ጌም

በየመኝታ ክፍሉ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። አንዱ «የቪዲዮ ጌም የሚገዛ ሰው ዲስኩን ይግዛ» ይላል፤ ሌላው «በዚህ ዘመን ዲስክ ማከማቸት ትርፉ ሸክም ነው፤ ከኢንተርኔት አውርዶ መጫወት ይበቃል» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ዋጋና ወደ ምቾት ይዞርና አንዱም ሳይረታ መብራት ይጠፋል። ዋጋና ምቾት ቁም ነገር አይደሉም ለማለት አልደፍርም፤ የተማሪ ኪስ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሻጩ ገንዘባችንን ተቀብሎ ያስረከበን ነገር ምንድን ነው? የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምንመረምረው ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕግ ክፍል ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት፥ በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204 ላይ ባለሀብትነት ግዙፍነት ባለው ዕቃ ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው መሆኑን ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ባለሀብቱ በዕቃው እንደ ፈቀደ ሊገለገልበት፥ በዋጋም ሆነ ያለ ዋጋ ለሌላ ሊያስተላልፈው፥ ሲሞትም በኑዛዜ ሊተወው እንደሚችል ያመለክታል። እዚህ ላይ «ግዙፍነት ያለው» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ዲስክ ግዙፍነት አለው፤ ይጨበጣል፥ ይሰጣል፥ ይሰረቃል። በሽቦ ወይም በአየር የሚወርድ ጌም ግን በእጅ የሚጨበጥ አይደለም፤ ስለዚህ ሻጩ «የሸጥኩልህ ዕቃ የለም፤ እንድትጫወት ብቻ ፈቀድኩልህ» ለማለት በር ይከፈትለታል።

የዚህ ጉዳይ ሥር ከቪዲዮ ጌም በፊት በመጽሐፍ ላይ የበቀለ ነው። በአሜሪካ ቦብስ ሜሪል የተባለ አሳታሚ «ዘ ካስታዌይ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያወጣ፥ መጽሐፉን ከ1 ዶላር ባነሰ ዋጋ የሸጠ ቸርቻሪ የድርሰት መብቴን እንደ ደፈረ ይቆጠራል የሚል ማስጠንቀቂያ በመጽሐፉ ውስጥ አተመ። ሜሲ የተባለው ታላቅ የኒው ዮርክ መደብር ግን መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ቸበቸበው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1908 ሲወሰን፥ ባለመብቱ አንዱን ቅጂ አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ ያ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚሸጥ በማስጠንቀቂያ ሊወስን አይችልም ተባለ። በተከታዩ ዓመት ምክር ቤቱ ይህንኑ በሕግ አጸናው። በዚያ አገር ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጥ ነጋዴም፥ የጌም ዲስክ የሚያውስ ቤተ መጻሕፍትም፥ ጨዋታውን ጨርሶ ዲስኩን የሚሸጥ ወጣትም የሚኖሩት በዚህ ደንብ ጥላ ሥር ነው።

የሚወርደውን ጌም በዚህ ደንብ ማስተዳደር ግን አስቸጋሪ ሆኗል። ዲስኩን ለጓደኛዬ ስሰጥ ዲስኩ ከእጄ ይወጣል፤ ፋይል ስሰጠው ግን የእኔው እኔ ዘንድ ቀርቶ በእርሱ ዘንድ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል፤ መቅዳት ደግሞ ለደራሲው የተጠበቀ መብት ነው። በዚህ ላይ ሻጩ ማንም የማያነበውን ረጅም ውል አቅርቦ «እስማማለሁ» የሚለውን ካስጫነን በኋላ፥ የፈጸምነው ግዢ ሳይሆን የፈቃድ ውል መሆኑን በዚያው ያስታውቀናል።

የአውሮፓ ፍርድ ቤቶች በዚህ ነገር ወዲያና ወዲህ ብለዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012፥ ዩዝድሶፍት የተባለ ነጋዴ ከኦራክል ጋር በተካሰሰበት ጉዳይ፥ ያለ ጊዜ ገደብ የተሸጠ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከኢንተርኔት የወረደም ቢሆን መልሶ ሊሸጥ ይችላል ብሎ ፈረደ። ይህን ተስፋ በማድረግ አንድ የፈረንሳይ የሸማቾች ማኅበር፥ ስቲም የተባለውን የጌም መደብር የሚያስተዳድረውን ቫልቭን ከሰሰ፤ በ2019ም የፓሪስ ፍርድ ቤት ደንበኞች ጌማቸውን እንዳይሸጡ የሚከለክለው የውል ቃል አይጸናም ብሎ ለማኅበሩ ፈረደለት። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በቀረበለት ክርክር ዳግም ሽያጭን ከለከለ፤ በ2022ም የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የበታቹን ፍርድ ሻረ። የሰጠውም ምክንያት፥ ጌም ተራ ፕሮግራም ሳይሆን ሥዕልና ሙዚቃ፥ ድርሰትም የተዋሐዱበት ሥራ ስለ ሆነ የፕሮግራም ደንብ አይሠራለትም የሚል ነው። ጌም ኪነ ጥበብ ነው የሚለው ውዳሴ በፍርድ ቤት ተጫዋቹን ሲጎዳ ማየት ያስገርማል!

ፈቃድና ባለሀብትነት በሥራ ላይ እንዴት እንደሚለያዩ ለማየት «ፒ.ቲ.» የተባለውን አጭር የአስፈሪ ጨዋታ እንውሰድ። ሂዴዮ ኮጂማ ያዘጋጀው ይህ ጨዋታ በኦገስት 2014 በፕሌይስቴሽን መደብር በነፃ ተለቀቀ፤ በኤፕሪል 2015 ከመደብሩ ወጣ። አስቀድሞ ያወረደው ሰው በማሽኑ ላይ እስካለ ድረስ ይጫወተዋል፤ አንድ ጊዜ ከሰረዘው ግን መልሶ የሚያወርድበት መንገድ አልተተወለትም። ጨዋታው የተጫነባቸው ያገለገሉ ማሽኖች በጨረታ ከአዲሱ በላይ ዋጋ የተጠየቀባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኒንቴንዶም በ2019 የዊን፥ በማርች 2023 የዊ ዩንና የ3ዲ.ኤስን መደብሮች ለሽያጭ ዘግቷል። በ2023 አንድ የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ተቋም ባወጣው ጥናት፥ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ ታውቋል። እነዚያን የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ አሮጌውን ዲስክ ወይም ካርትሪጅ ከሌላ ሰው እጅ መግዛት ነው፤ አለበለዚያም መስረቅ።

በካሊፎርኒያ በ2024 ተፈርሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የጸና አንድ ሕግ፥ ሻጩ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ መሆኑን በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ይከለክለዋል። ለገዢው አዲስ መብት አልተጨመረለትም፤ ቢሆንም ስሙ መስተካከሉ ራሱ ጥቂት ነገር ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ዲስኩን እገዛለሁ» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ጥቂት ይታገሥ። ዲስክ ሁሉ ዲስክ አይደለም። «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና እሽቅድድም በ2014 ሲወጣ በዲስክም ተሽጧል፤ ነገር ግን ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ የማይከፈት ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ዩቢሶፍት ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ሲዘጋ ዲስኩ መስታወት ሆኖ ቀረ። በዚህ የተቆጡ ተጫዋቾች ያነሡት የአውሮፓ አቤቱታ በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን ፊርማ አልፏል። በ2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ «የጌም ቁልፍ ካርድ» የሚባል ነገር አለው፤ ካርዱ ውስጥ ጨዋታው የለም፥ ካርዱ የሚያገለግለው ጨዋታውን ከኢንተርኔት ለማውረድና ለመክፈት ነው። እርግጥ ካርዱን ማዋስና መሸጥ ይቻላል፤ ማውረጃው የተዘጋ ቀን ግን የሚቀረው ፕላስቲኩ ነው። ለፕሌይስቴሽን 5 ለብቻው የሚሸጠው የዲስክ ማጫወቻም መጀመሪያ ሲገጠም ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መመዝገብ አለበት።

እንዲሁም «ሳይበርፐንክ 2077» በዲሴምበር 2020 ሲወጣ ስሕተት የበዛበት ስለ ነበረ ሶኒ ከመደብሩ አንሥቶት እስከ ጁን 2021 አልመለሰውም። ያን ጊዜ የታተመውን ዲስክ የያዘ ሰው ጨዋታው አለው፤ እርማቱ ግን በዲስኩ ላይ ስለሌለ ከኢንተርኔት ማውረድ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ዲስክ ከመግዛት በፊት ሊታወቅ የሚገባው፥ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት ከዲስኩ ተጭኖ እስከ መጨረሻው የሚዘለቅ መሆኑ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሣጥኑ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከሕግ ክርክርነት አልፎ የዕለት ችግር ይሆናል። በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር የገዙ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያወጡ ሊያስገድድ በፈለገ ጊዜ፥ አካውንቱ የማይሰጥባቸው ከ170 የሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች እንዳሉ ታወቀ፤ ጨዋታውም በእነዚህ ቦታዎች ከሽያጭ ወጣ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ አካውንት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። ከተጫዋቾች በተነሣው ቁጣ ሶኒ ግዴታውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተወው። ለእኛ የሚቀረው ትምህርት ግን አለ። ከመካከላችን ብዙዎች የፕሌይስቴሽን አካውንታቸውን ያወጡት «አሜሪካ እኖራለሁ» ብለው፥ ሒሳቡን የሚሞሉትም በውጭ አገር ያለ ዘመድ በሚልከው የካርድ ቁጥር ነው። ይህ ከውሉ ጋር የሚጣጣም አይደለም። መጀመሪያውኑ ፈቃድ ብቻ በሆነ ነገር ላይ፥ ፈቃዱን የምንይዘው በማይኖርንበት አገር ስም ሲሆን፥ አካውንቱ ቢታገድ በምን ቃል አቤት እንላለን?

ማውረዱም ቢሆን ጊዜ ይበላል። 100 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ለማውረድ 44 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ይኸውም መብራቱ ሳይጠፋና በመስመሩ ሌላ ሰው ሳይገባ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ይህንኑ 100 ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥም በቀላሉ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ እናስተውል፤ ከዱባይ የመጣ ዲስክ በአሜሪካ አካውንትም ይሠራል፥ በኋላ የሚገዙ ተጨማሪ ክፍሎች ግን ከዲስኩ አገር ጋር ካልተስማሙ አይገጥሙም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ታሪክ ያለውንና ብቻችንን የምንጫወተውን ጌም፥ ሙሉ ሆኖ የታተመ ዲስክ ከተገኘለት በዲስክ መግዛት ይሻላል። ጨርሰን እንሸጠዋለን፥ ለጓደኛ እናውሰዋለን፥ ገንዘባችንም በከፊል ይመለሳል። በየዓመቱ የሚታደሰውን የእግር ኳስ ጌም የሚገዛ ሰውም በዲስክ ይግዛ፤ ግን አዲሱ በሴፕቴምበር መጨረሻ ከመውጣቱ በፊት አሮጌውን ይሽጠው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም። ሰርቨር ካለ ብቻ የሚኖረውን የቡድን ጨዋታ ግን አውርዶ መጫወት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ዲስኩም አብሮ ይሞታልና። በኮምፒዩተር ለሚጫወት ሰው ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ጎግ የተባለው የፖላንድ መደብር ከ2008 ጀምሮ መቆለፊያ የሌለበትን መጫኛ ፋይል ይሸጣል፤ ፋይሉን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀመጠ ሰው መደብሩ ቢዘጋም ጨዋታው በእጁ ይቀራል። መሸጥ አይፈቀድለትም፤ ማንም ግን ሊቀማው አይችልም። ስለዚህ ግዙፍነት የሌለው ነገር ሁሉ የግድ የሚነጠቅ ነው ማለት ትክክል አይሆንም፤ የሚያስነጥቀው ቁልፉ በሻጩ እጅ መቅረቱ ነው።

ማኅበራችን ምናልባት ለመዝናኛ ክፍሉ ጌም የሚገዛ ከሆነ፥ ይህ ምርጫ ከግለሰቡ ይልቅ ለእርሱ ይከብዳል። በአንድ ተማሪ አካውንት ላይ የወረደ ጌም ያ ተማሪ ሲመረቅ አብሮት ይሄዳል። ዲስክ ግን በመዝገብ ይገባል፥ እንደ መጽሐፍ በፊርማ ይወጣል፥ በፊርማ ይመለሳል፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሚመጣውም ተማሪ ያገኘዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ የሚቆለፍ ሣጥን ነው።