ሻጋታ የምትበላው የእህል የእሳት እራት

በጎተራ ውስጥ የምትታይ የእሳት እራት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለችም። ዓይነቷን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው እህሉን የጎዳው ምን እንደሆነ ስለምትጠቁም ነው።

በአውሮፓ ጎተራዎች በሰፊው የምትታወቀው ኔማፖጎን ግራኔላ የምትባለው ናት። ስሟን በ1758 እ.ኤ.አ. ያወጣላት የስዊድኑ ሊቅ ሊኒየስ ነው። ልብስ ከሚበላው ብል ጋር በአንድ ቤተሰብ ትመደባለች። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከ1 እስከ 1 ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ የፊት ክንፎቿ ነጣ ባለ መደብ ላይ ቡናማ ዝንጉርጉር ናቸው፤ በራሷም ላይ የቆመ ጠጉር አለ።

ጉዳት የሚያደርሰው ትሏ ነው። በዱር የሚኖረው በዛፍ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ ተለጥፎ የሚያድገውን ጠንካራ እንጉዳይ እየበላ ነው። በደረቀ እንጉዳይና በወይን ጠጅ ማከማቻ ምድር ቤት በሚገኝ የጠርሙስ ቡሽ ላይም ይገኛል። ወደ ጎተራ ሲገባ እርጥበት የነካውን እህል ይበላል፤ ፍሬዎቹንም በሐር መሰል ክር እያያያዘ ከኩሱ ጋር ያጓጉላቸዋል።

በአገራችን በበቆሎና በማሽላ ላይ የምትታየው ሲቶትሮጋ ሴሬአሌላ ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። የገለባ ቀለም አላት፤ የኋላ ክንፏ ጫፍ እንደ ጣት የሾለ ነው። ትሏ በአንዲት ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ያድጋል፤ ስትወጣም ክብ ቀዳዳ ትተዋለች። እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ ልትጀምረው ስለምትችል ደረቅ እህልም ከእርሷ አያመልጥም።

ስለዚህ ፍሬው ክብ ቀዳዳ ካለው ጥፋቱ የነፍሳት ነው። ፍሬዎቹ ተያይዘው ከተጓጎሉና ሽታቸው ከተለወጠ ግን በቅድሚያ እርጥበትን መጠርጠር ይገባል። የነቀዝ መድኃኒት ሻጋታን አያቆምም። ከዚህም በላይ ጋዝ የሚያወጣውን ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ማስቀመጥ ሕይወት ያጠፋል።

እርጥበቱን ለማወቅ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ እህል ይጨመርበታል። በእሳት የደረቀና የቀዘቀዘ ጨው አንድ እፍኝ ታክሎ ይከደንና ጥቂት ደቂቃ ይናጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 በላይ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ወጪው ግን ከአንድ እፍኝ ጨው አያልፍም።

የሻገተውን እህል ለጠላ ወይም ለዶሮ ይሆናል ብሎ ማስቀረት ትክክል አይደለም። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በተለመደው ምግብ ማብሰል አይጠፋም፤ ላም ከበላችውም በወተቷ ይወጣል።

አዲስ እህል ከማስገባት በፊት የጎተራው ጥግና ስንጥቅ ተጠርጎ አሮጌው ጓል ይቃጠል። ጎተራውም ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቁም፤ ክዳኑ የሚያፈስ ከሆነ ክረምት ሳይገባ ይጠገን።