ኮንክሪት ለመብሳት ምን ዓይነት ፑንታ ይግዙ?

«የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ፑንታ ምን አገባው?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቢሮዬ የብሎኬት ግድግዳ ላይ በገዛ እጄ መደርደሪያ ሰቀልኩ። ለእንጨት በሚሆን ተራ ፑንታ ጫፉ ተቃጥሎ እስኪጠቁር ታገልኩ። ሌላ ወፈር ያለ ፑንታ ባመጣ ቀዳዳው ከልክ በላይ ሰፋ። ፊሸሩ ላላ ማለቱን እያየሁ «ይይዛል» ብዬ የደንበኞቼን ፋይል ጫንኩበት። በታክስ ወራት አንድ ሌሊት ተገንጥሎ ወደቀ። ሌሊት በመሆኑ ሰው አልተጎዳም። በእርስዎ ሱቅ ግን ከመደርደሪያው ሥር የሚቆመው ገበያተኛ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

1ኛ. ግድግዳዎን ይወቁ። እዚህ ግሪንቤልት የቆዩት የኅብረት ሥራ ማኅበር ቤቶች የሚለዩት በግድግዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ሰው የገባባቸው የጡብና የብሎኬት፣ ከ1941 ጀምሮ የተጨመሩት ደግሞ የእንጨት ናቸው። የሱቅዎን ለማወቅ በማይታይ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ በስተው ዱቄቱን ይመልከቱ። ቀይ ከሆነ ጡብ፣ ግራጫ ከሆነ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት፣ ነጭና ለስላሳ ከሆነ ጂፕሰም ነው። ለጂፕሰምና ለእንጨት የኮንክሪት ፑንታ አያስፈልግም።

2ኛ. ጫፉ ካርባይድ የሆነውን ይግዙ። ካርባይድ የተንግስተንና የካርቦን ውሁድ በኮባልት ተጣብቆ የሚሠራ ነው። የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ በ1920ዎቹ ለገበያ ሲያወጣው «ዊዲያ» ያለው «እንደ አልማዝ» ለማለት ነበር። ተራ ፑንታ ይቆርጣል፤ ይህ ግን ኮንክሪቱን እየመታ ይፈጫል። ስለዚህ ለጠንካራ ኮንክሪት ሐመር ድሪል ያስፈልጋል። እግሩ ላይ ቦይ ያለው ኤስ ዲ ኤስ የሚባለው ፑንታ ለራሱ ማሽን እንጂ ለተራ ድሪል ስለማይሆን፣ ከመክፈልዎ በፊት ማሽንዎን ያረጋግጡ።

3ኛ. ሲበሱ አይቸኩሉ። ጥልቀቱን በፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ ከመያዣው ርዝመት ግማሽ ኢንች ያህል ይለፍ። ፍጥነቱን ቀነስ አድርገው፣ ፑንታውን አልፎ አልፎ እያወጡ ዱቄቱን ያራግፉ። ሲግል በራሱ ይቀዝቅዝ፤ ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ጫፉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ መዶሻው የኋላውን ገጽ ይሸርፈዋል፤ ለብሎኬትና ለጡብ መዶሻውን አጥፍተው ይሞክሩ። ፑንታው ድንገት እምቢ ካለ ፌሮ አግኝቶ ይሆናልና ቦታ ይቀይሩ። በመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎችና በአንዳንድ ፎቆች ወለል ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ ስላለ፣ ያለ ባለሙያ ወለል አይብሱ።

4ኛ. ቀዳዳውና መያዣው ይመጣጠኑ። የፑንታውን ልክ በመያዣው ካርቶን ላይ ያገኙታል። ለምሳሌ ሩብ ኢንች የኮንክሪት ብሎን የሚፈልገው 3/16 ኢንች ፑንታ ነው። ዱቄቱን ከቀዳዳው ጠርገው ያውጡ፤ ዱቄት የቀረበት ቀዳዳ በደንብ አይዝም። በክፍት ብሎኬት ላይ ከባድ ዕቃ ለመስቀል ከጀርባ ክንፉ የሚከፈተውን ቶግል ቦልት ይጠቀሙ። ፊሸሩ ላላ ካለ እንደኔ አይጫኑበት፤ ሌላ ቀዳዳ ይብሱ።

5ኛ. ሳንባዎን ይጠብቁ። የኮንክሪት ብናኝ ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ አለበት። ኦሻ የተባለው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ሠራተኛ የሚተነፍሰው አየር በ8 ሰዓት አማካይ በኪዩቢክ ሜትር ከ50 ማይክሮግራም ሲሊካ እንዳይበልጥ ወስኗል። መነጽርና ኤን 95 ጭንብል ያድርጉ፤ ብናኙን በቫኪዩም ይሳቡት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ከመብሳትዎ በፊት የኪራይ ውልዎን ያንብቡ፣ የአከራዩንም ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ግድግዳ ላይ የተተከለ ዕቃ ሲለቁ ለአከራዩ ይቀራል የሚሉ ውሎች አሉ። ደረሰኝዎንም አይጣሉ። ለንግድ የተገዛ ፑንታና ድሪል በስኬጁል ሲ ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው። ባለታክሲ ለመኖሪያ ቤቱ የገዛው ግን አይቀነስም።

ጥሩ ፑንታ ከተራው ጥቂት ዶላር ቢበልጥ ነው። የወደቀ መደርደሪያ የሚያስከፍለውን ግን አስቀድሞ ማስላት አይቻልም። ይህን የምለው እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው።